አገር የቆመበት ሐሳብ፦ መሥራች ርዕዮተ ዓለምና ሕግ ከአውቶቡስ ተራ ሲታዩ

አንድ መንግሥት በጦር ኃይልና በግብር ብቻ ጸንቶ አይኖርም፤ ዜጎች ሕጉን ከልብ ተቀብለው እንዲኖሩበት «እነዚህን ሁሉ ሰዎች አንድ አገር ያደረጋቸው ምንድን ነው? የመግዛት ሥልጣንስ ከየት ይመነጫል?» ለሚሉት ሁለት ጥያቄዎች አሳማኝ መልስ ያስፈልገዋል። በሕገ መንግሥት መግቢያና በመጀመሪያዎቹ አንቀጾች ላይ የሚሰፍረው፣ ሌሎች ሕጎች፣ የትምህርት ሥርዓቱና የአደባባይ በዓላት ሳይቀሩ እንዲከተሉት የሚጠበቀው መልስ የአገሪቱ መሥራች ርዕዮተ ዓለም ይባላል። ርዕዮተ ዓለም በአጭሩ ዓለምን የመመልከቻና ኅብረተሰብን የማደራጃ የተያያዘ የሐሳብ ሥርዓት ነው፤ መሥራች ሲባል ደግሞ ሐሳቡ ከአንድ ፓርቲ መርሐ ግብር ከፍ ብሎ የመንግሥቱ ህልውና የቆመበት መሠረት ተደርጎ መወሰዱን ያመለክታል።

ኢትዮጵያ ከ1923 ዓ.ም. ወዲህ አራት የተጻፉ ሕገ መንግሥታት አውጥታለች፤ በእነዚህም ውስጥ እርስ በርሳቸው ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሦስት መሥራች ሐሳቦች ተፈራርቀዋል። የመጀመሪያው ሥልጣንን ከሰሎሞን የዘር ሐረግና ከቅብዓ መንግሥት፣ ሁለተኛው ከሠርቶ አደሩ መደብና ከፓርቲው፣ ሦስተኛው ከብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ፈቃድ አመነጨ። የእነዚህ ሐሳቦች ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው ከቤተ መንግሥትና ከምክር ቤት አኳያ ነው። ሐሳቡ በሕግ አማካይነት ወደ ዕለት ኑሮ ሲወርድ የሚይዘውን መልክ ለመመርመር ግን በአዲስ አበባ፣ አዲስ ከተማ በተባለው አካባቢ የሚገኘው፣ የመርካቶን ገበያ ከመላ አገሪቱ ጋር ሲያገናኝ የኖረው አውቶቡስ ተራ የተሻለ ስፍራ ነው፤ ምክንያቱም ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው የሚወርድበትና የሚሳፈርበት፣ እህሉና ሸቀጡ የሚጫንበትና የሚራገፍበት፣ የሃይማኖትና የቋንቋ ልዩነት በየዕለቱ ጎን ለጎን የሚኖርበት ሠፈር ነውና መሥራች ሐሳቦቹ የሰጡትም የነሱትም እዚህ በግልጽ ይታያል።

ሠፈሩ ያለበት ገበያ ራሱ የተተከለው በርዕዮተ ዓለም ትእዛዝ ነው። ከኢጣልያ ወረራ በፊት የአዲስ አበባ ዋና ገበያ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። የፋሺስት ኢጣልያ አስተዳደር ከተማዪቱን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በያዘበት ዘመን ግን ነጭና ጥቁር ተቀላቅለው መኖርም መገበያየትም የለባቸውም በሚል የዘር መድልዎ መርሕ የአገሬውን ሰው ንግድ ወደ ምዕራብ አውጥቶ ስፍራውን «መርካቶ ኢንዲጄኖ»፣ ማለትም የአገሬው ሰው ገበያ ሲል ሰየመው። መርሑ በከተማ ፕላን ብቻ አልተወሰነም፤ በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. የወጣ የኢጣልያ ሕግ አንድ ጣልያናዊ ከቅኝ ተገዥ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት እንዲፈረድበት አዘዘ። ወራሪው ሲባረር ሕጉም አብሮት ቀረ፤ ለመለያየት ተብሎ የተከለለው ስፍራ ግን ጉራጌው፣ ስልጤው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ትግራዋዩ፣ ዶርዜው፣ ሐረሪው፣ የመናዊውም ሳይቀር አብረው የሚነግዱበት፣ በአፍሪካ ከታላላቆቹ ክፍት ገበያዎች አንዱ ለመሆን በቃ። ኅብረተሰቡ በሕግ የተጻፈለትን ሐሳብ ሁልጊዜ እንደ ተጻፈ እንደማይኖርበት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

ከሰሎሞን የተቀዳ ሥልጣን

የመጀመሪያው መሥራች ሐሳብ ከተጻፉት ሕገ መንግሥታት በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአክሱሙ ንቡረ እድ ይስሐቅ መሪነት በግእዝ የተዘጋጀው ክብረ ነገሥት ንግሥተ ሳባ ከንጉሥ ሰሎሞን ቀዳማዊ ምኒልክን እንደ ወለደች፣ ታቦተ ጽዮንም ወደ ኢትዮጵያ እንደ መጣች ይተርካል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ይኩኖ አምላክ የመሠረተው ሥርወ መንግሥት ራሱን የዚህ ሐረግ ወራሽ አድርጎ ስላቀረበ፣ ትረካው የንግሥና ሕጋዊነት መለኪያ ሆነ። ሕጋዊነት ሲባል እዚህ ላይ ገዥው ለመግዛት ተገቢ መብት እንዳለው በተገዥው ዘንድ መታመኑ ነው።

ይህ ትውፊት ዘመናዊ የሕግ መልክ የያዘው ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. በታወጀው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲሆኑ፣ በ55 አንቀጾች የተዋቀረው ሰነድ ብዙውን ነገር የወሰደው ከጃፓኑ የሜጂ ዘመን ሕገ መንግሥት ነው፤ ጃፓንም ንጉሠ ነገሥቷን ከጥንታዊ የዘር ሐረግ ጋር አያይዛ ዘመናዊ መንግሥት በማቋቋሟ ለኢትዮጵያ ምሁራን ቅርብ ምሳሌ ነበረች። ሕገ መንግሥቱ የንግሥናው መብት ከቀዳማዊ ምኒልክ ሳይቋረጥ በወረደው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘር እንዲጸና ደነገገ፤ የንጉሠ ነገሥቱንም አካል ቅዱስ፣ ክብራቸውን የማይደፈር፣ ሥልጣናቸውን የማይነቀፍ አደረገ። በጥቅምት 1948 ዓ.ም.፣ የንግሥናው 25ኛ ዓመት ሲከበር የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት 131 አንቀጾች ይዞ የመናገር፣ የመሰብሰብና የሃይማኖት ነጻነትን ቢጠቅስም፣ መሠረቱን አልለወጠም፤ በአንቀጽ 126 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን መሆኗን፣ ንጉሠ ነገሥቱም ምንጊዜም የእርሷ አማኝ መሆን እንዳለባቸው አረጋገጠ።

ይህ ሐሳብ ለአገሪቱ የሰጠው አለ። ኢትዮጵያን ረጅም ዕድሜ ያለው፣ በሌላ ኃይል ፈቃድ ያልተፈጠረ መንግሥት አድርጎ በማቅረቡ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊትና በአፍሪካ የነጻነት ትግል ዘመን ለነጻነቷ መከራከሪያ ሆኗል። ችግሩ የሥልጣን ምንጭ ከአንድ ቤተሰብና ከአንድ እምነት ጋር ሲታሰር ከዚያ ክበብ ውጭ ያለው ሕዝብ የአገሩ ሙሉ ባለቤት መሆኑን የሚያስረዳበት ሕጋዊ ቋንቋ ማጣቱ ነበር። በመርካቶ የታላቁ አንዋር መስጊድና የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ተቀራርበው ቆመዋል፤ ነጋዴውና ተሳፋሪው ሁለቱንም የሠፈሩ አካል አድርጎ ሲኖር፣ ሕገ መንግሥቱ ግን አንዱን የመንግሥት፣ ሌላውን በመንግሥት ፈቃድ የሚኖር አድርጎ አስቀምጧቸው ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተካሄደው ታላቅ የሙስሊሞች ሰላማዊ ሰልፍ፣ ብዙ ክርስቲያኖችም የተሳተፉበት፣ በዓሎቻችን ይከበሩ፣ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ» ሳይሆን የኢትዮጵያ ሙስሊሞች እንባል ሲል የጠየቀው ይህንኑ ክፍተት ነው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ያነሡት ጥያቄም በመሬት ሥሪቱ በኩል ወደዚያው ያመራል፤ መሬትን በንጉሥ ስጦታና በወታደራዊ ድል የሚያከፋፍል ሥርዓት በተለይ በደቡቡ ክፍል አራሹን ጭሰኛ አድርጎ አስቀርቶት ነበርና።

መፈክር ሕግ ሲሆን

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የጊዜያዊ ወታደራዊ መንግሥት አዋጅ ቁጥር 1 ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን አውርዶ ሕገ መንግሥቱን አገደ፤ «ኢትዮጵያ ትቅደም» የሚለውንም የአዲሱ ሥርዓት ፍልስፍና አድርጎ አቆመ። ከዚህ አዋጅ ድንጋጌዎች ሁሉ ለጉዳዩ እጅግ አስፈላጊው የዚህን ፍልስፍና ዓላማ መቃወምን፣ ሥራ ማቆምንና ያለፈቃድ መሰብሰብን የከለከለው ነው፤ ጥፋተኞችን የሚዳኝ ልዩ የጦር ፍርድ ቤት እንዲቋቋም፣ ፍርዱም ይግባኝ እንዳይባልበት ያው አዋጅ ወሰነ። በዚህም መሥራች ሐሳቡ ገና ይዘቱ በቅጡ ሳይተነተን በወንጀል ሕግ የሚጠበቅ ሆነ፤ በመንግሥቱ ላይ ገደብ ከመጣሉ በፊት በዜጋው አፍ ላይ ገደብ ጣለ።

የይዘቱ ማብራሪያ የመጣው ታኅሣሥ 11 ቀን 1967 ዓ.ም. ነበር። መንግሥት የሚመራበት መርሕ ኅብረተሰባዊነት፣ ማለትም ኢትዮጵያዊ ሶሻሊዝም መሆኑ ሲታወጅ፣ እኩልነት፣ ራስን መቻል፣ የሥራ ክቡርነት፣ የጋራ ጥቅም የበላይነትና የኢትዮጵያ አንድነት አለመከፋፈል አምስቱ ምሰሶዎቹ ተደርገው ቀረቡ። በሚያዝያ 1968 ዓ.ም. የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ሲወጣ ግን ይህ አገር በቀል አገላለጽ ለማርክሲዝም ሌኒኒዝም ቦታውን ለቀቀ። በጥር 1979 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተሰጥቶበት የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 6 የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲን የመንግሥትና የኅብረተሰቡ መሪ ኃይል አድርጎ ሠየመ፤ ፓርቲውን የሚመራው ርዕዮተ ዓለም በዚህ መንገድ የአገሪቱ የበላይ ሕግ አካል ሆነ።

ይህ ሐሳብም የሰጠው አለ። የሙስሊሞች በዓላት ብሔራዊ በዓል ሆኑ፤ መሠረተ ትምህርት በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 ጭሰኝነትን አስወግዶ ሚሊዮኖችን ከባላባት ቀንበር አላቀቀ። በአውቶቡስ ተራና በመላው መርካቶ ሥሩ እስከ ዛሬ ያልተነቀለው ግን ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ነው። በዚህ አዋጅ የከተማ ቦታ ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ በላይ እንዳይኖረው ተደረገ፤ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሚደርስ ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት ተላለፉ። ኪራይ ስለተቀነሰ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ተከራይ እፎይ አለ፤ ሆኖም ቤቱን የሚጠግንና የሚያድስ ባለቤት ስለታጣ የሠፈሩ ጣሪያና ግድግዳ ለብዙ ዓመታት እየተጎሳቆለ ሄደ።

ንግዱም በዚሁ ሐሳብ ተለካ። በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 76 የግል ነጋዴን ካፒታል ለችርቻሮ በ200,000 ብር፣ ለጅምላ በ300,000 ብር ገደበ። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት የእህል ኮታ በገበሬውና በነጋዴው ላይ ሲጥል፣ በጎጃምና በአርሲ የግል እህል ንግድ ሲታገድ፣ በየመንገዱ የቆሙት ኬላዎች ከክፍለ አገር ወደ ክፍለ አገር የሚንቀሳቀስ እህልን መፈተሻ ሆኑ፤ ለዘመድ ጤፍ ይዞ የሚመጣ ተሳፋሪ ሳይቀር ስለ ኬላው ሳያስብ አውቶቡስ አይሳፈርም ነበር። ከሁሉ የከፋው ደግሞ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የደረሰው ነው፤ የሐሳብ ልዩነት ከአገር ክህደት በማይለይበት ሥርዓት ቀይ ሽብር የብዙ ሺህ ወጣቶችን ሕይወት ቀጠፈ፤ በአብዮቱ ዓላማ የሚስማሙ፣ በመንገዱ ብቻ የሚለያዩ ሰዎች ሳይቀሩ የጥቃቱ ሰለባ ሆኑ። መንግሥቱ የካቲት 26 ቀን 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ማወጁ ራሱ፣ ሐሳቡ የኑሮን ፈተና እንዳልቻለ የሰጠው ምስክርነት ነበር፤ ከ15 ወራት በኋላ ሥርዓቱም ሕገ መንግሥቱም አብረው ወደቁ።

የብሔር ብሔረሰቦች ቃል ኪዳን

ሦስተኛው መሥራች ሐሳብ የተፀነሰው ቀደም ብሎ በተማሪዎች ንቅናቄ ውስጥ ነው። ዋለልኝ መኮንን በኅዳር 1962 ዓ.ም. ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ያቀረበው ጽሑፍ ኢትዮጵያ የብዙ ብሔሮች አገር እንጂ የአንድ ባህል አገር አለመሆኗን፣ የቋንቋና የባህል እኩልነት የሌለበት አንድነትም እውነተኛ አንድነት እንዳልሆነ ተከራከረ። ይህ ሐሳብ በሐምሌ 1983 ዓ.ም. በሽግግሩ ቻርተር፣ ቀጥሎም ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. በጸደቀውና ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት የአገሪቱ መሠረት ሆነ።

የዚህ ሕገ መንግሥት መግቢያ የሚናገረው በዜጎች ድምር ስም ሳይሆን በብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ስም ነው፤ አንቀጽ 8 የሉዓላዊነትን፣ ማለትም የመጨረሻውን የመወሰን ሥልጣን ለእነርሱ ይሰጣል፤ አንቀጽ 5 ቋንቋዎችን ሁሉ በእኩል እውቅና ያስቀምጣል፤ አንቀጽ 11 መንግሥትንና ሃይማኖትን ይለያል፤ አንቀጽ 39 የራስን ዕድል በራስ የመወሰንን መብት እስከ መገንጠል ያደርሰዋል። የመገንጠል መብት በሕገ መንግሥት ሲጻፍ በዓለም እምብዛም የማይታይ ሲሆን፣ ከዚህ ቀደም በሶቪየት ኅብረት ሕገ መንግሥት፣ ዛሬም በካሪቢያኗ ሴንት ኪትስና ኔቪስ ይገኛል።

ከዚህ ሐሳብ የመነጨውን ጥቅም መካድ አይቻልም። በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር፣ በራስ ቋንቋ መዳኘት፣ ባህልን ሳይሸማቀቁ መግለጽ ለብዙ ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን የተገኘው በዚህ ዘመን ነው። የመርካቶን ንግድ ከገነቡት መካከል የሆኑት ስልጤዎች በ1993 ዓ.ም. በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ ከጉራጌ የተለየ ማንነት እንዳላቸው ሲወስኑ፣ ጥያቄው የተፈታው በድምፅ ነበር፤ ሲዳማ ክልል ለመሆን የወሰነውም ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በዚሁ መንገድ ነው። ሕጉ ለማንነት ጥያቄ ሰላማዊ በር ከፍቷል ማለት ይቻላል።

የዚህ ሐሳብ ድክመት የሚታየው ሰው ከተወለደበት ሲንቀሳቀስ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከአውቶቡስ ተራ የተሻለ መመልከቻ የለም። አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በአገሪቱ ውስጥ የመዘዋወርና በመረጠው ስፍራ የመኖር ነጻነት እንዳለው ይደነግጋል። በሌላ በኩል አንዳንድ የክልል ሕገ መንግሥታት ባለቤትነትን ለተወሰኑ ብሔረሰቦች ይሰጣሉ፤ ለምሳሌ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 2 የክልሉ ባለቤቶች በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ መሆናቸውን ሲገልጽ፣ ሌሎች ነዋሪዎች መኖራቸውን ከመጥቀስ አያልፍም። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የተነሣ ተሳፋሪ በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ሙሉ ዜጋ ሆኖ ጉዞ ጀምሮ፣ በመዳረሻው በክልሉ ሕገ መንግሥት የባለቤቶች ዝርዝር ውስጥ የሌለ ነዋሪ ሊሆን ይችላል። በልዩ ልዩ ክልሎች ብዙ ዜጎች በማንነታቸው የተፈናቀሉባቸውና የተገደሉባቸው ዓመታት ይህ ክፍተት የወረቀት ብቻ እንዳልሆነ በደም አስመስክረዋል። ለረጅም ጊዜ በነዋሪነት መታወቂያ ላይ ብሔር የሚሞላበት ቦታ መኖሩም ሰውን ከሁሉ አስቀድሞ በቡድኑ የማየት ልማድን አጠናክሯል፤ በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1284 የተመሠረተው ፋይዳ የተባለው ዲጂታል መታወቂያ ብሔርንም ሃይማኖትንም አለመመዝገቡ በዚህ ረገድ ትልቅ ለውጥ ነው።

ሌላው ችግር የትርጓሜ ነው። ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን በአንቀጽ 62 የተሰጠው ለፍርድ ቤት ሳይሆን የብሔር ብሔረሰቦች ተወካዮች ለሚቀመጡበት የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ ሐሳቡ የቃል ኪዳኑ ባለቤቶች ራሳቸው ይተርጉሙት የሚል ነው። ምክር ቤቱ ሰኔ 3 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት የተላለፈውን ምርጫና የምክር ቤቶችን የሥራ ዘመን ጉዳይ ተርጉሞ ሲወስን፣ የትግራይ ክልል ውሳኔውን ሳይቀበል ጳጉሜን 4 ቀን የራሱን ምርጫ አካሄደ፤ ክርክሩ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ወደ ጦርነት ተሸጋግሮ እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት ድረስ ቆየ። ጦርነቱ ብዙ ምክንያቶች ነበሩት፤ ነገር ግን ሁሉም ወገን አምኖ የሚቀበለው ገለልተኛ ተርጓሚ አለመኖሩ የክርክሩን የሕግ መውጫ አጥብቦታል።

ሌሎች አገሮች የሄዱበት መንገድ

በዓለም ላይ መሥራች ሐሳብን በሕግ ያቆመች አገር ኢትዮጵያ ብቻ አይደለችም። በኢንዶኔዥያ ሱካርኖ እ.ኤ.አ. ሰኔ 1 ቀን 1945 ባደረጉት ንግግር ያቀረቡት ፓንቻሲላ፣ ትርጉሙም አምስቱ መርሖች ማለት ሲሆን፣ በአንድ አምላክ ማመንን፣ ሰብአዊነትን፣ የአገር አንድነትን፣ በምክክር የሚመራ ዴሞክራሲንና ማኅበራዊ ፍትሕን ይዞ በሕገ መንግሥቱ መግቢያ ሰፍሯል። በሺህ የሚቆጠሩ ደሴቶችና ብዙ ሃይማኖቶች ያሏት አገር ይህን ሐሳብ የያዘችው የትኛውም ሃይማኖት የመንግሥት እንዳይሆን በመስማማት ነው። ሆኖም በሱሃርቶ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ማናቸውም ማኅበር ፓንቻሲላን ብቸኛ መሠረቱ እንዲያደርግ የሚያስገድድ ሕግ ሲወጣ ያው ሐሳብ የተቃዋሚ ማፈኛ ሆነ፤ ሱሃርቶ እ.ኤ.አ. በ1998 ሲወድቁ ግን ኢንዶኔዥያውያን ሐሳቡን አልጣሉትም፣ ማስገደጃውን አንሥተው ሐሳቡን አቆዩት እንጂ። ቱርክም እ.ኤ.አ. በ1937 ስድስት የሪፐብሊኩን መርሖች በሕገ መንግሥቷ ውስጥ ጽፋ፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት የመርሖቹ ጠባቂ ነኝ የሚል ሠራዊት በፖለቲካዋ ጣልቃ ሲገባባት ኖራለች።

የደቡብ አፍሪካ ልምድ ከሁለቱም ይለያል። ሰው ሰው የሚሆነው በሌሎች ሰዎች አማካይነት ነው የሚለው ኡቡንቱ እ.ኤ.አ. በ1993 በጊዜያዊው ሕገ መንግሥት መደምደሚያ ላይ ሰፈረ፤ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1995 የሞት ቅጣትን ሲሽር ዳኞቹ ይህንኑ ሐሳብ ጠቅሰው መንግሥት የሰውን ሕይወት የማጥፋት ሥልጣን እንደሌለው አስረዱ። መሥራች ሐሳብ የመንግሥትን እጅ ለመያዝ ሲውል ሊሠራ የሚችለውን ሥራ ይህ ፍርድ በግልጽ ያሳያል።

ሐሳቡ ሲሻር የሚቀረው

በኢትዮጵያ መሥራች ሐሳብ ሲለወጥ የቀድሞው ሁሉ ተጠራርጎ የሚሄድ ይመስላል፤ የሕጉን ዝርዝር የሚመረምር ሰው ግን ሌላ ነገር ያገኛል። በ1967 ዓ.ም. በሶሻሊዝም ስም የመንግሥት የሆነው የከተማ ቦታ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ፣ የማይሸጥ የማይለወጥ የብሔር ብሔረሰቦች የጋራ ንብረት ተብሎ ቀጥሏል፤ ምክንያቱ ተቀየረ፣ ውጤቱ ግን ያው ነው። ዛሬ በመርካቶ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ያቆመ ባለሀብት ቦታውን የሚይዘው በሊዝ፣ ማለትም ለተወሰነ ዘመን በሚጸና የኪራይ ውል ነው። በተመሳሳይ በ1952 ዓ.ም. በንጉሡ ዘመን የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የውል ክፍል ሦስቱንም ሥርዓቶች ተሻግሮ እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ዱቤ የሚሰጥና የሚቀበል፣ ሱቅ የሚያከራይና የሚከራይ ሁሉ በአንድ ጥንታዊ ዙፋን ሥር በተጻፈ ሕግ ይዳኛል። ለኑሮ የሚጠቅም፣ ወገን የማይለይ ሕግ የወጣበት ርዕዮተ ዓለም ሲሞት አብሮ አይሞትም።

ከሕጉም በላይ የጸናው ኅብረተሰቡ ራሱ ያቆመው ሥርዓት ነው። የመርካቶ ነጋዴ እቁብ የጠጣው፣ የሠፈሩ ሰው በእድር የተቀባበረው ንጉሥም፣ ወታደራዊው ደርግም፣ ከእርሱ በኋላ የገዛው ኢሕአዴግም አዝዞት አይደለም፤ በአንድ እድር ሙስሊምና ክርስቲያን፣ የሰሜንና የደቡብ ሰው የአንዱን ሐዘን ሌላው ሲሸከም የኖረው በራሱ መተዳደሪያ ደንብ ነው። በ1950ዎቹ የአዲስ አበባ ጉራጌዎች፣ ብዙዎቹ በመርካቶ የሚሠሩ ነጋዴዎችና የጉልበት ሠራተኞች፣ ገንዘብ አዋጥተው ወደ ትውልድ አካባቢያቸው የሚያደርስ መንገድ ለማሠራት የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁመው ነበር። ያ መንገድ የትውልድ ቀዬን ፍቅርና የአገር ባለቤትነትን ማንም ሳያስተምራቸው አጣምረው የያዙ ሰዎች ሥራ ነው፤ ማንነትና ዜግነት ተጻራሪ ናቸው የሚለውን ክርክር በተግባር ይመልሰዋል።

ለሚመጣው ቃል ኪዳን

ሦስቱ መሥራች ሐሳቦች እያንዳንዳቸው እውነት የያዘ ነገር ነበራቸው፤ የመጀመሪያው የታሪክን ቀጣይነት፣ ሁለተኛው የሠራተኛውንና የአራሹን ፍትሕ፣ ሦስተኛው የባህልና የቋንቋን እኩልነት። ያጎደላቸው የጋራ ነገር ደግሞ አገባባቸው ነው፤ ሦስቱም ሥልጣን የያዘው ወገን በአሸናፊነቱ ማግሥት የጻፋቸው እንጂ ተሸናፊው ጭምር ተቀምጦ የተስማማባቸው አልነበሩም፤ በዚህም ምክንያት አንዱ ሲወድቅ ሌላው ከዜሮ ይጀምራል፤ በየለውጡ የሚከፈለው ዋጋም የትውልድ ሕይወት ይሆናል። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1265 የተቋቋመው የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን መሠረታዊ በሆኑ አገራዊ ጉዳዮች ላይ መግባባት እንዲፈጠር የተጣለበት አደራ ከዚህ አንጻር ሲታይ እጅግ ከባድ ነው፤ የሚመዘነውም በስብሰባዎቹ ብዛት ሳይሆን መሣሪያ ያነሣውን፣ የከፋውንና ዝም ያለውን ወገን አንድ ላይ ለማስማማት በመቻሉ ወይም ባለመቻሉ ነው።

ካለፉት ልምዶች ሦስት መመዘኛዎች ማውጣት ይቻላል። አንደኛ፣ መሥራች ሐሳብ መጀመሪያ ማሰር ያለበት ሥልጣን የያዘውን ነው፤ ዜጋ ሐሳቡን በመንቀፉ ሊከሰስበት የሚችል ከሆነ ሐሳቡ መሠረትነቱን አጥቶ የገዥው መሣሪያ ሆኗል። ሁለተኛ፣ ተርጓሚው ከፖለቲካው ነጻ የሆነና ተሸናፊው ወገን ሳይቀር ፍርዱን የሚያከብርለት አካል መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ ሐሳቡ ለቡድን የሚሰጠው ክብር ከግለሰቡ ጋር አብሮ መጓዝ አለበት፤ አንድ ሰው በተወለደበት ወረዳ ያለው ቋንቋውን የመጠቀም፣ የመምረጥና የመመረጥ፣ ንብረት የማፍራት፣ በሰላም የመኖር መብት አውቶቡስ ተሳፍሮ በሚደርስበት ከተማ ሁሉ ሊጠብቀው ይገባል። ኢትዮጵያውያን በእቁባቸው፣ በእድራቸውና በገበያቸው ይህን ዓይነት ቃል ኪዳን መግባትም ማክበርም እንደሚችሉ ለረጅም ዘመን አሳይተዋል፤ የቀረው ሥራ ሕጉ ከሕዝቡ እንዲማር፣ የሚቀጥለው ሕገ መንግሥታዊ ስምምነትም ያሸነፈ ወገን የሚያውጀው ሳይሆን ሁሉም ወገን ፈርሞ የሚታሰርበት እንዲሆን ማድረግ ነው።